ያሸነፍኳቸው ሁለት ዶሮዎች

ልጄን ጎበዝ ብያት አላውቅም። ሰው ፊት ስሟ ሲነሳ «ኧረ ምን አላት፣ ዝም ብላ ነው» እላለሁ። አንደኛ ስትወጣ «ፈተናው ቀሎ ነው»፣ ቁመቷን ሲያደንቁ «አጥንት ብቻ» እላለሁ። ማርቆስ ውስጥ እንዲህ የምል እናት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እኔ ግን አበዛሁት። ምክንያቴን ስለማልናገር ልጄ እንደማልወዳት ሳይመስላት አልቀረም።

ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። አራት ዓመቱ ነበር። ይጁቤ ለዘመድ ሠርግ ሄደን፣ ድንኳኑ መሀል ቆሞ እስክስታ ሲወርድ ሰው ሁሉ ጉድ አለ። «እንዲህ ያለ ልጅ አይተንም አናውቅ» አሉ። በሳምንቱ ትኩሳት ያዘው። ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው አለ፤ እናቴ ዓይን ነው አለች። እኔ ሁለቱንም አመንኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅ ደግ ነገር ልናገር ስል ጉሮሮዬ ይያዛል። ልጄ ወንድም እንደነበራት ታውቃለች፤ የሠርጉን ነገር ግን ነግሬያት አላውቅም።

የምሠራው ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ ነው። የሰው ልጅ ያመጣውን ውጤት ስመዘግብ ዕድሜዬ አለቀ። ወገቤ ያመኛል፣ ዓይኔ ፈዟል፣ እግሬ ማታ ማታ ያብጣል። ልጄ እዚያው አካውንቲንግ ትማራለች፤ ለኮሌጁም የሴቶች ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። አባቷ ሌላ አገር ሌላ ቤት አለው፤ የሱ ነገር ይቅር። ቤት የምንኖረው እኔና እሷ ነን። እኔ እግሬን ጨው ውሃ ውስጥ ከትቼ ዝም እላለሁ፤ እሷ ስለ ኳስ ታወራለች።

«እማ፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተሽ እዪኝ» ትለኛለች።

«ደክሞኛል» እላታለሁ። እውነትም ደክሞኛል። ግን ድካም ብቻ አልነበረም፤ ሰው ሲያደንቃት ቆሜ መስማት ፈርቼ ነው።

የከተማው ኮሌጆች በየዓመቱ ሁዳዴ ላይ የቅርጫት ኳስ ውድድር አላቸው። ለምን በጾም እንዳደረጉት የሚያውቅ የለም። አገሩ ሰላም አጥቶ መንገዱ ሲዘጋጋ ቀርቶ ነበር፤ አምና ተመለሰ። ውድድሩ ሲመለስ የእኛም ውርርድ ተመለሰ።

የምንወራረደው ሦስት ነን። አንዷ የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ናት፤ አፏ ስለት የሆነ የብዙ ዘመን ጓደኛዬ። ሌላው የበር ጥበቃው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ኳስ ከሁላችን በላይ የሚያውቁ። እሷ የስምንቱን ኮሌጆች ስም ጥንድ ጥንድ አድርጋ በማስመሪያ ወረቀት ላይ ታሰምራለች፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እያለፈ እስከ ፍጻሜ የሚደርስ ነው። ውድድሩ ሳይጀመር እያንዳንዳችን ግምታችንን እንጽፋለን። ዋንጫውን በትክክል የገመተ፣ ከተሳሳተው ሁሉ የፋሲካ ዶሮ ይቀበላል። ብር የሚባል ነገር የለም። በጾም በገንዘብ መወራረድ ነውር ነው ብለው የከለከሉት ጥበቃው ናቸው፤ ዶሮው ለምን ነውር እንዳልሆነ ግን አላስረዱንም።

አምና የእኛ ሴቶች ጥሩ ናቸው ተባለ። ዕቃ ቤቷ የእኛን ጻፈች። ጥበቃውም የእኛን ጻፉና እስክሪብቶውን ሲያቀብሉኝ «ያንቺ ልጅ እያለች ማን ይችላቸዋል። እኔ በበኩሌ እንደሷ የሚወረውር ወንድ እንኳ አላየሁም» አሉ።

የሠርጉ ድንኳን ትዝ አለኝ። ወረቀቱን ሳብ አደረግሁና፣ ዋንጫውን የሚወስደው ዳገቱ ላይ ያለው ኮሌጅ ነው ብዬ ጻፍኩ። የላይኞቹ እንላቸዋለን።

«አንቺ ሴት፣ ጤና የለሽም? በገዛ ልጅሽ ላይ?» አለችኝ ዕቃ ቤቷ።

«ዶሮ አምሮኝ ነው» አልኳት።

ዶሮ አላማረኝም። እናቷ ራሷ ያላመነችባትን ልጅ የማን ዓይን ያያታል ብዬ ነው። እሷን የሸፈንኳት መስሎኝ ነበር። እንደ ልማዳችን እኔና ዕቃ ቤቷ እጅ ለእጅ ተያያዝን፤ ጥበቃውም ውርርዱ እንዲጸና በመዳፋቸው ቆረጡት። ወረቀቱ የዕቃ ቤቱ በር ጀርባ ላይ ተለጠፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኟ እኔ ነበርኩ።

የእኛ ልጆች የመጀመሪያውን አሸነፉ፤ ሁለተኛውንም። ፍጻሜው ከላይኞቹ ጋር ሆነ። ማክሰኞ ዕለት ዕቃ ቤት ገብቼ ወረቀት ስቀበል ልጄ የቤት ቁልፍ ልትወስድ መጣች። የማርቆስን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በሩን ብርግድ አደረገው። እሷ ልትዘጋው ዞረች። ስትዘጋው ወረቀቱ ፊቷ ላይ መጣ።

ቆማ አነበበች። ከላይ እስከ ታች አነበበች።

«ይህ ያንቺ ጽሑፍ አይደል እማ?»

«ጨዋታ ነው» አልኳት። «ዝም ብለን ነው።»

«እሺ» አለችና ቁልፉን ተቀብላኝ ወጣች።

ዕቃ ቤቷ መዝገቧን ዘግታ አየችኝ። ምክንያቴን ከእኔ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ልጁን ስንቀብር አጠገቤ ነበረች። «ተነሺና ንገሪያት» አለችኝ። «ዛሬውኑ።»

«ከጨዋታው በፊት? ሟርት ይሆንባታል» አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። ሦስት ቀን ማዕድ ላይ ቀርበን ስለ ኳስ አንዲት ቃል አልወጣትም። «ጨው በዛ?» ስላት «ደህና ነው»፤ «ነገ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?» ስላት «እንደተመቸኝ»። ያ የሚሰለቸኝ ወሬዋ ሲቀር ቤቱ ሰፋብኝ።

ፍጻሜው ዓርብ ስምንት ሰዓት ነበር። ጠዋት «ውሃ እንኳ ቅመሺ፣ ለጨዋታ ይፈቀዳል» አልኳት። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» አለችኝና ጫማዋን በፌስታል ይዛ ወጣች። እኔ ሰባት ተኩል ላይ ማኅተሙን ቆልፌ ተከተልኳት። ልጄ ስትጫወት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ አንደኛው ቅርጫት መረብ የለውም። ጥበቃው አጠገባቸው ቦታ ያዙልኝ። ልጄ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ቤት ውስጥ ትከሻዋን ሰብስባ የምትሄደው ልጅ፣ ሜዳ ላይ ሌሎቹን «ወደዚህ! ተመለሺ!» እያለች ታዛቸዋለች። ስትወረውር ክንዷ አይቸኩልም። ሰዉ ስሟን እየጠራ «አይ ጉብዝና!» ሲል እኔ «ኧረ ተዉ፣ ኧረ ቀስ በሉ» እያልኩ ነጠላዬን እጠመዝዛለሁ። ደስታው ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። መልሼ ዋጥኩት።

መጨረሻው ላይ የላይኞቹ በሦስት ነጥብ ይመሩ ነበር። ልጄ ሁለት ነጥብ ስታገባ ጣሏት፤ ዳኛው ተጨማሪ አንድ የቅጣት ውርወራ ሰጣት። ሰዓቱ አልቋል፤ ካገባች እኩል ይሆናሉ። ኳሱን ሁለት ጊዜ አነጠረችና ዞራ ሰዉን ቃኘች። ፈልጋኝ ነው። አገኘችኝም።

እኔ ምን አደረግሁ? የወላጅ ዓይን ከሁሉ ይብሳል ትል ነበር እናቴ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ዞርኩባት።

ኳሱ ብረቱን ሲመታ ድምፁን ሰማሁ። ሰዉ «እእእ» አለ። ነጠላዬን ስገልጥ የላይኞቹ ይጨፍራሉ፤ ልጄ የቆመችበት ቆማለች። «ምን ነካሽ አንቺ?» አሉኝ ጥበቃው በቀስታ። አይተውኛል ማለት ነው።

አላለቀሰችም። ፊቷን በማሊያዋ እየጠረገች ወደ እኔ መጣች። ከንፈሯ በጾሙ ደርቋል።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቀሪው ጾም «ደህና አደርሽ፣ ደህና ዋልሽ» ስንባባል ሰነበትን። ቀዳም ስዑር ጠዋት ጥበቃው አንድ ቀይ ዶሮ እግሯን አስረው ከአምበር ገበያ ይዘው መጡ፤ ዕቃ ቤቷ ደግሞ ከቁይ ገበያ ያስመጣቻትን ነጭ ላከች። «ጋሼ፣ ይተዉት፤ እኔ አልፈልገውም» ብዬ ለመንኳቸው።

«እጅ ተቆርጦበታል» አሉኝ። «ውርርድ ይበላል እንጂ አይማርም።» በስመ አብ ብለው ሁለቱንም አርደውልኝ ሄዱ።

መንጨቱ የልጄ ሥራ ነው። ጓሮ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ የፈላ ውሃው ውስጥ እየነከረች ትነጫለች። እኔ ሽንኩርቱን ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። በእሷ ሽንፈት ያገኘሁትን ዶሮ በእሷ እጅ ማስነጨቴ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ አፈርኩ። ቢላዬን አስቀምጬ ነገርኳት። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ እስክስታው፣ ሰዉ ስላለው ነገር፣ ስለ ሳምንቱ። ለምን ያን እንደጻፍኩና ለምን እንደዞርኩባት። ስናገር ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ቀና ሳትል ሰማችኝ። የክንፉን ላባ አንድ በአንድ ትነቅላለች።

«እና ይህን ሁሉ ዓመት ለዚህ ነው?» አለች።

«ለዚህ ነው። አንቺም ብትሄጂብኝስ ብዬ ነው።»

ዶሮዋን ሳህን ላይ አስቀመጠችና አሁን አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«እማ» አለችኝ፣ «ይብላኝ። ዓይን ይብላኝ፣ የመጣው ይምጣ። አንቺ ብቻ አንድ ጊዜ ጎበዝ በይኝ።»

ዞር ብዬ የአጥሩን በር አየሁ፤ ተዘግቷል፣ የሚሰማ ጎረቤት የለም። ጠጋ አልኳት። ሃያ ዓመት ያልወጣ ቃል በቀላሉ አይወጣም፤ መጀመሪያ ሳል ነው የወጣኝ።

«ጎበዝ ነሽ» አልኳት። «ስትወረውሪ አይቼሻለሁ። እንዳንቺ ያለ የለም።»

ወዲያው ፍርሃት ያዘኝና ግንባሯ ላይ እንትፍ እንትፍ፣ እንትፍ እንትፍ አልኩባት። እጇ በላባ ተሞልቶ ስለነበር መጥረግ አልቻለችም። እንደዚያው ምራቄን ግንባሯ ላይ ይዛ ሁለተኛዋን ዶሮ አነሳች።

«ድገሚው» አለችኝ።