ነጠላዬ ውስጥ የነበረችው ባቄላ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት መስደቤን፣ ቂም መያዜን ሁሉ ተናዝዣለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ ምላሴ ሥር ደብቄ መስቀሉን ስሜ እወጣለሁ። ዛሬ ለማታውቁኝ ለእናንተ እነግራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ቃል ባጣምም ይቅር በሉኝ። ነገሩን ግን አላጣምምም።

ባለቤቴ የታችኛው መንጋጋው ከላይኛው ቀድሞ የወጣ ሰው ነበር። እሱ በጢሙ ሸፈነው። መልኩን የወረሱት ሁለቱ ሴት ልጆቹ ግን በምን ይሸፍኑት? የሺ የእኔ ልጅ ናት። አበሩ ከሟች ሚስቱ የተወለደች፣ እኔ ያሳደግኳት የእንጀራ ልጄ ናት። የሁለቱም የፊት ጥርስ አይገጥምም፤ ሥጋ የሚግጡት አንገታቸውን አዙረው፣ በጎን ነበር። ደባርቅ ገበያ ላይ ጎረምሶች «የእነዚህ አገጭ ዳባት ሲደርስ እነሱ ገና ጫማ እያሰሩ ነው» ይሏቸዋል። አበሩ ታለቅሳለች። የሺ ግን «ያንተስ አፍንጫ ሊማሊሞን ወርዶ የለም እንዴ?» ብላ ታሳፍራቸዋለች። እቤት ስትገባ ነጠላዋን አፏ ላይ ጥላ ትቀመጣለች።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ አባታቸው አርፏል፤ ልጆቹ ለአቅመ ሔዋን ደርሰዋል። ጎንደር ላይ መንጋጋ የሚያስተካክል ሐኪም ከውጭ መጣ ሲባል ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ አፋቸውን አስከፍቶ አየ። አጥንቱ ተቆርጦ ወደ ኋላ ይገፋል፤ አፍ በሽቦ ታስሮ ይሰነብታል፤ አጥሚት በቀጭን ቱቦ ይጠጣል፤ የታች ከንፈር ደንዝዞ ሊቀር ይችላል አለ። እኔ ጥያቄ አበዛሁ። በምን ይቆረጣል? በመጋዝ? ተርፎ የሚወጣው አጥንት የት ይሄዳል? ይቀበራል ወይስ ይጣላል? የምታስተረጉመው ነርስ «እናቴ፣ ሥራውን ሊቀሙት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ሐኪሙ ወደ አገሩ የሚመለስበት ቀን ስለቀረበ የሚደርሰው ለአንዷ ብቻ ነበር። «አጥንቱ የእነሱ ነው። ይነጋገሩና የምትፈልገዋ ትምጣ» አለ። የምትፈልገዋ። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ።

እቤት ስንገባ የሺ «እኔ እሄዳለሁ» አለች። አበሩም «ትሂድ፤ እኔ ቢላዋ እፈራለሁ» አለች። ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ልጆቹ ጨርሰውታል። ያልጨረስኩት እኔ ነኝ።

ጎረቤቴ ዘርፌ ወሬውን ሰምታ «ድሮስ! የወለዱትና ያሳደጉት አንድ ይሆናል?» ብላ ምንጭ ዳር አወራች። ይህ እንደ ጋሬጣ ወጋኝ። በቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲጎድል ዕጣ የማወጣ እኔ፣ ቅርጫ ሲመደብ «እሷ ትመልከተው» የምባል እኔ፣ ለልጄ አዳላሁ ልባል ነው? «መፈለግ ፍርድ አይሆንም፤ ዕጣ ይጣል» አልኩ። ዘርፌንም ምስክር ትሁን ብዬ አስጠራኋት።

ልክ እንደ ቅርጫው አደረግን። የሺ ጠጠር ሰጠችኝ፤ አበሩ ባቄላ ሰጠችኝ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ከደረስጌ ለገበያ የመጣች፣ የማታውቀን ሴት ከመንገድ ጠራሁ። «እጅሽ የነካውን አውጪልን» አልኳት። እጇን ሰደደች። ወዲያ ወዲህ ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ያገኘችው። ጠጠሩ መዳፌ ውስጥ ነበር።

ምን ትበል? እንግዳ ናት። ባቄላዋን አወጣች። እኔም ነጠላዬን ሳራግፍ ጠጠሩን ከነጠላው የወደቀ አስመስዬ ጣልኩት። ዘርፌ እልል አለች። «የእሷን ቅንነት ዕጣውም ያውቀዋል!» አለች። የሺ ጎንበስ ብላ ጠጠሯን አነሳች፤ አንዴ አገላብጣ አየችና ወደ ደጅ ወረወረችው።

ወደ ጎንደር ስንሄድ አበሩ አውቶቡስ ላይ እጄን ይዛ «እትዬ፣ ለየሺ ይሁንላት፤ እኔ እፈራለሁ» አለችኝ። «ዕጣ የእግዜር ነው። ከእግዜር ጋር ልትከራከሪ ነው?» አልኳት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። እኔው፣ በዚያው አፌ።

ለምን አደረግኩት? ስንት ዓመት ይህን እንደ ድር ስፈታ ኖርኩ። መጀመሪያ ለስሜ ብዬ ነው አልኩ። ዕጣው በቀና መንገድ ለየሺ ቢወጣ «አጭበረበረች» እባላለሁ ብዬ ፈራሁ፤ አጭበረበረች እንዳልባል አጭበረበርኩ። እንዲህ ያለ ሞኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግን ድሩን ስስበው ሌላ ክር ይመጣል። የሐኪሙን መጋዝ እኔም ፈርቼ ነበር። እስቲ መጀመሪያ የሰው ልጅ ትሞክረው ብዬ ይሆን? ባልወለድኳት ላይ ቢላዋ ልኬ፣ የወለድኳትን አዳንኩ ብዬ ይሆን? ያኔ ሁለቱንም አልበደልኩም? አንዷን ሳትፈልግ ሰደድኩ፤ አንዷን ስትፈልግ ከለከልኩ። የትኛው ክር እውነተኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ለማወቅ የምጓጓውን ያህል ማወቁን እፈራለሁ።

አበሩ ዳነች። ከሆስፒታሉ እስክትወጣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሽቦውን በከንፈሯ መሃል አጮልቄ አይ ነበር። ጥርሷ ገጠመ። የታች ከንፈሯ ግን ደነዘዘ፤ ትኩስ ነገር ሲያቃጥላት አይታወቃትም። ዛሪማ ወርዳ አግብታ ወለደች። በመጣች ቁጥር ጉልበቴን ስማ «አንቺ ባትኖሪ» ትለኛለች። ያ ሐኪም አልተመለሰም። የሺ ዳባት መምህርት ሆነች። ስታስተምር አፏን ጠመኔ በያዘችበት እጇ ትሸፍናለች፤ ዓርብ ማታ እኔ ዘንድ ስትመጣ አገጯ ነጭ ነው። በነጠላዬ ጫፍ እጠርግላታለሁ። በዚያው በነጠላ ጫፍ።

አምና ለአስተርዮ ማርያም ሁለቱም እኔ ዘንድ ነበሩ። የአበሩ ልጅ «አክስቴ፣ እናቴ አገጯ ሲቃና ያንቺ ለምን ቀረ?» አለቻት። ልጅ ያየችውን ነው የምትጠይቅ። አበሩ ተቆጣቻት። የሺ ሳቀች፤ እጇ ወደ አፏ ሄደ። «እግዜር ለእህቴ ሰጣት። እኔ ከእግዜር ጋር አልጣላም» አለች።

እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። አፌ የማንም ሐኪም ሽቦ ሳይነካው ታስሮ ቀረ።

ስለዚህ ጻፍኩት። ይቅርታ አልለምንም፤ ሚዛን የሰረቀ ሰው ሚዛኑን መልሶ ነው ይቅርታ የሚለምን፤ እኔ ምን እመልሳለሁ? ለነፍስ አባቴ ከመናገሬ በፊት ይህን ወረቀት የሺ ታነበዋለች፤ ከዚያ አበሩ። ቅደም ተከተሉ ዕጣ አያሻውም።

የሺ፣ ልጄ፣ ከእግዜር ጋር አለመጣላትሽ ልክ ነው። እሱ የለበትም። ከእኔ ተጣዪ።