ባቡሩ የዘገየ ዕለት

«አውቀህ ነው የመታኸው ወይስ ሳታውቅ? እሱን ብቻ ንገረኝ!» አለ አባቴ፣ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ቆሞ።

«ኳስ ነው እኮ አባባ፤ ኳስ ላይ የማይማታ የለም» አለ ታላቅ ወንድሜ ግርማ፣ ቅልጥሙ ላይ የደረቀውን አሸዋ በጥፍሩ እየፋቀ።

«ኳሷንማ አልነካሃትም። አይቼሃለሁ።»

ዛሬም የጅቡቲው ባቡር ከሩቅ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ያ ክፍልና ወለሉ ላይ የሚረግፈው አሸዋ ዐይኔ ላይ ይመጣብኛል። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ማን እንደተቆጣ እንጂ ማን ልክ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

በጋ ሲገባ ደቻቱ ወንዝ ይደርቅና ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ይሆን ነበር። በወዲህ በኩል የከዚራ ልጆች፣ በወዲያ በኩል የመጋላ ልጆች መጥተው፣ ለጎል ድንጋይ አቁመው መሐል ላይ ይጋጠሙ ነበር። ከተጫዋቾቹ ሰዓት ያለው ስላልነበረ ጨዋታው የሚያበቃው ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ወደ ጣቢያው ሲቃረብ በሚያሰማው ጩኸት ነበር። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ዳኛው ልብስ ሰፊው ጋሽ ዘውዴ ግን ባቡሩ ሳይጮህ የመጨረሻዋን ፊሽካ ነፍተው አያውቁም።

ስለዚህ ጎል ያገባ ቡድን ሥራው ባቡሩን መጠበቅ ነበር። በረኛው ኳሷን ሆን ብሎ ቁልቋሉ ውስጥ ይለጋትና እየተጎተተ ሊያመጣት ይሄዳል፣ አንዱ የቁምጣውን ገመድ ፈትቶ እንደገና ያስራል፣ ሌላው «ድንጋዩ ተጠግቷል» ብሎ ጎሉን በእርምጃ ይለካል። የግርማ ብልሃት ግን እሾህ ነበር። ሁሉም በባዶ እግሩ ስለሚጫወት፣ ጠዋት ከግራር ሥር የምለቅምለትን እሾህ ቁምጣው ጠርዝ ላይ ሸጉጦ ይገባና፣ ሰዓቱ ሲቃረብ «ዋይ!» ብሎ ወድቆ፣ ተረከዙን ይዞ ተንከባሎ፣ በመጨረሻ ከእግሩ የነቀለው አስመስሎ እሾሁን ለጋሽ ዘውዴ ያሳያቸው ነበር። ተመልካቹ ያውቃል፣ ይስቃል። «አቦ፣ ይሄ ልጅ ግራር ነው እንዴ የወለደው?» ይሉት ነበር። እኔም እኮራለሁ፤ እሾሁ የኔ ነዋ። ቤት ግን ዳቦ ልገዛ ተልኬ ብዘገይና እሾህ ወጋኝ ብል፣ «ውሸታም ነሽ!» ብሎ የሚኮረኩመኝ ያው ግርማ ነበር።

በጋው ሊያልቅ፣ በሐረር ተራሮች በኩል ሰማዩ መጥቆር በጀመረበት ሰሞን፣ በመጨረሻው ጨዋታ እኛ የከዚራዎቹ አንድ ለባዶ እየመራን ነበር። የጣቢያው ቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረው አባቴ ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ መጥቶ ከዳር ቆሟል። ግርማ አንድ እሾህ አወጣ፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም አወጣ፤ ኳሷም ቁልቋሉ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደገባች እንጃ፤ ባቡሩ ግን አልጮኸም። ጥላችን ረዘመ። ተጫዋቹም ተመልካቹም ወደ ሐዲዱ አቅጣጫ ጆሮውን ቀስሯል። ወደዚያ ዞር ያላለው አባቴ ብቻ ነበር።

ብልሃቱ ሁሉ ባለቀበት ሰዓት አብዲ ኳሷን ይዞ ብቻውን ወደ ጎላችን ወጣ። አብዲ የመጋላው ባለሱቅ ልጅ፣ ከግርማ ጋር በአንድ ዴስክ የሚማር፣ እኛ ቤት መጥቶ ሳይበላ የማይሄድ ልጅ ነበር። ግርማ ከኋላው ደርሶ ቅልጥሙን መታው። ድምፁ እኔ እስካለሁበት ተሰማ።

አብዲ ወደቀ፣ ሰውም ሳቀ።

«ዋሪያ፣ እሾህህን አሳየና!»

«ተነሣ አቦ! ባቡሩ እንደሆነ ቀርቷል!»

እኔ ግን ግራ ገባኝ። እየተመሩ እነሱ ሰዓት የሚገድሉት ለምንድን ነው? አብዲ ጥርሱን ነክሶ አሸዋውን በእጁ ይጨብጣል፣ ይለቃል፤ የሚያሳየው እሾህ አልነበረውም። ጋሽ ዘውዴ ጎንበስ ብለው እግሩን እስኪያዩት ድረስ ማንም አላመነውም። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ በእጅ ጋሪ ጭነው ወደ መጋላ አሻገሩት።

«አውቄ ነው» አለ ግርማ ያን ምሽት ቤት ውስጥ፣ በመጨረሻ። «ምን ላድርግ? ባቡሩ አልመጣ አለ!»

«ባቡሩ ነው የመታው? ተነሣ! የአብዲ አባት ፊት ቆመህ፣ አውቄ ነው ትላለህ።»

ግርማ ቀና አለ። «እንደሚዘገይ ታውቅ ነበር አይደል? ቴሌግራፉ የሚገባው ባንተ እጅ ነው።»

እናቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «እውነት ነው እንዴ?»

«ጎርፍ ሐዲዱን አሸዋ አልብሶታል የሚል መጥቶ ነበር» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። «የቴሌግራፍ ቃል ከጣቢያ አይወጣም። ምዬበታለሁ።»

«እኛ እየተነሣን ስንወድቅ እያየህ?»

«ስትወድቁ አይደለም፤ ስትዋሹ።»

«እሺ፣ ስንዋሽ እያየህ! አንዲት ቃል ብትለኝ እኮ አብዲን አልመታውም ነበር።»



ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ ደቻቱን ሞልቶ የጎሎቹን ድንጋዮች ጠራርጎ ወሰደ። አብዲ ወጌሻ ያሰረለትን እግሩን ዘርግቶ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ከረመ። በጋው ተመልሶ አዲስ ድንጋይ ሲቆም ዳር ቆሞ ያይ ነበር እንጂ አልገባም፤ እስከ ዛሬም ትንሽ ያነክሳል። አሁን ዳኞች የእጅ ሰዓት ያስራሉ፣ ጨዋታው ሲያበቃ ያበቃል፣ ባቡር የሚጠብቅ የለም። እኔ ግን አሁንም ሰው ሲወድቅ ሳይ፣ ከማዘኔ በፊት እየመራ ያለው የትኛው ወገን ነው ብዬ አስባለሁ። ይህን ከማን እንደተማርኩት ለማወቅ ስሞክር ግርማ ይመጣብኛል፣ አባቴም ይመጣብኛል፣ እሾህ ስለቅም እኔም ራሴ እመጣለሁ።

ያን ምሽት ባቡሩ የጮኸው ግርማ አባቴን «አንዲት ቃል ብትለኝ» ባለው ቅጽበት ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና ብሎ አየ። ግርማ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«እንግዲያስ እነአብዲ ቤት እኔ እሄዳለሁ» አለ አባቴ።

«አንተ? ሄደህ ምን ልትል?» አለች እናቴ።

በሩን ከፈተ። ሊናገር የሄደው ስለ ልጁ ይሁን ስለ ራሱ ኋላም አልነገረንም። ጠዋት ከለቀምኳቸው የተረፈችው አንዲት እሾህ እጄ ውስጥ ነበረች፤ ጭብጥ አድርጌ ይዣት ጀርባውን አየሁት። ወጣ፤ በሩም ከኋላው ተዘጋ።