የእንደራሴው ድንበር

ኅዳር 18፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ለይዞታ ማረጋገጫ መሬት የሚለኩት ባለሙያዎች ሐይቅ ከተማ ዳር ካለው የአባቴ ግቢ ደጃፍ ደረሱ። ተራችን ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ነገሩን። በዚያው ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ አባቴ ደሴ የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበረው። አራት ወር የጠበቅነው ቀጠሮ ነው። እቤት ድረስ መጥቶ ያየው ሐኪም ከዚህ በላይ ከዘገየ የቀረው ዓይንም እንደማይተርፍ ነግሮኛል።

አባቴ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከሐይቁ ዳር እስከ አምባሰል መውጫ ድረስ መሬት ነበረው። የምክር ቤት እንደራሴም ነበር። የጭሰኛውን ድርሻ የሚያሻሽል ረቂቅ ሲቀርብ ተነሥቶ ተቃውሟል፤ ይህን አይክድም። መሬቱ ሲወረስ የተረፈለት ይኸው ግቢና ከጀርባው ያለው ቁራሽ እርሻ ነው። "ከወጣሁ ለቆ ሄደ ይሉኛል" እያለ ከአጥሩ ካለፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔም ጋዜጠኝነቱን ትቼ አብሬው ከተቀመጥኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ደሴ እንዲያደርሰን የተከራየሁት መኪና ደጅ ቆሟል።

"አባባ፣ ለጎረቤታችን ውክልና ይስጡትና እንሂድ" አልኩት።

"ተወካይ ምን እንደሚሠራ ለእኔ ነው የምትነግረኝ? እንደራሴ ነበርኩ እኮ!"

ጎረቤታችን ሳቀ። የቀድሞ ጭሰኛችን ልጅ ነው፤ እርሻው ከእርሻችን ይዋሰናል።

"ወላሂ ጋሼ፣ ዓይንዎ ይበልጣል። እኔ እቆምልዎታለሁ። ድንጋይ ማሳየት ነው እንጂ ፓርላማ አይደለም።"

አባቴ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ።

"አባትህም እኔን እንዲህ አምኖኝ ነበር" አለው።

ጎረቤታችን ወንበር አምጥቶ ጥላ ሥር አስቀመጠው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሹፌሩን አሰናበትኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተራችን ደረሰ። አባቴ የድንበሩን ማዕዘን በከዘራው በግምት አመለከተ።

"አይደለም ጋሼ።" ጎረቤታችን ክንዱን ይዞ ወሰደውና የድንበሩን ድንጋይ በእጁ አስዳሰሰው። አባቴ ካመለከተበት ሁለት እርምጃ ወደ ጎረቤታችን እርሻ የገባ ነበር።

"እርግጠኛ ነህ? ከራስህ እኮ ነው የሚቀነሰው" አለው ባለሙያው።

"የተከለው አባቴ ነው።"

ባለሙያው መዘገበ። ወረቀቱ ለፊርማ ሲቀርብ አባቴ መስመሩ አልታየውም። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ በአውራ ጣቱ አተመ።