በጥላ የሚደርቅ ሥር

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ የሥር ቅርፊት መላጥ ነበር። አዳማ ቤታችን በረንዳ ላይ ጆንያ አንጥፈን፣ ባለቤቴ ከደራ አካባቢ የመጣውን ሥር በጥርስ ብሩሽ ከአፈር ያጸዳል፤ እኔ በቢላ እልጣለሁ።

«አታወፍሪው፣ ድንች አይደለም» አለኝ።

«ድንችማ ቢሆን ምሳ ይወጣው ነበር።»

ሳቀ። ጎኑን ስለወጋው ግን አቋረጠው። ጉበቱ ላይ ካንሰር እንዳለ ከተነገረን ጥቂት ወራት አልፈው ነበር።

የኬሚስትሪ መምህር ነበር። ከመታመሙ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ለካንሰር መድኃኒት የሚሆን ነገር ከዕፅዋት ይፈልግ ነበር። በመጨረሻ፣ ደራ ያሉ አንድ ሽማግሌ ካሳዩት ከዚህ ሥር ቅርፊት ያጣራው ነገር ላብራቶሪ ውስጥ የካንሰር ሴሎችን ገደለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወዲህ በአሮጌ ካላንደር ጀርባ የሞለኪውሉን ቅርጽ እየሣለ ያሳየኝ ነበር። ይህ ጎኑ የታመመውን ሴል ይይዛል፣ ያ ጎኑ ደህናውን ይመርዛል፤ መርዘኛውን አንስቶ ሌላ መተካት ነበር ሐሳቡ።

«ለእኔ አይደርስም» ይል ነበር። «መድኃኒት እስኪሆን ስንት ዓመት! ግን ሁለተኛ ጊዜ ከሠራ ሌሎች ይቀጥሉበታል።»

ያን ቀን ልጠን ስንጨርስ «በጥላ ይድረቅ» ብሎኝ ገባ። በማግስቱ ሆስፒታል ተኛ።

ክረምት ነበር። በሦስተኛው ቀን ልብስ ልወስድለት ብመለስ ቅርፊቱ መሻገት ጀምሯል። ደነገጥኩ። ከዝናቡ በኋላ ፀሐይዋ ወጥታ ነበርና፣ እናቴ በርበሬዋ ሊሻግትባት ሲል እንደምታደርገው፣ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። ክው ብሎ ደረቀ። አዳንኩት ብዬ ደስ አለኝ፤ በከረጢት አድርጌ ላብራቶሪ ላክሁት።

ውጤቱ ሲመጣ እሱ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ተኝቷል። የድሮ ተማሪው፣ በኋላም የሥራ ባልደረባው የሆነችው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድም ሴል እንዳልሞተ ነገረችው።

«ጋሼ፣ የደረቀው በጥላ ነው አይደል? ፀሐይ ከነካው እኮ ይበላሻል።»

«እንዴታ! ያደረቀችው እሷ ናት» አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ።

የአጥሚት ኩባያ ይዤ ቆሜአለሁ።

«እንግዲያው የፊተኛው ውጤት ስሕተት ነበር ማለት ነው» አለና ደብተሩን ዘግቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ሁልጊዜ የሚያስቀምጠው ራስጌው ነበር።

ከዚያ በኋላ ልነግረው ስንቴ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወይ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ወይ ነቅቶ ውሃ ይጠይቀኛል። ውሃውን እሰጠዋለሁ። ሳልነግረው ሞተ።

ከአርባው በኋላ ባልደረባው ዘንድ ሄጄ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አይዞዎት አላለችኝም።

«እትዬ፣ ሥሩ እንደገና ይምጣ» ብቻ አለች።

ዝናቡ ሲያቆም ደራ ወረድኩ። ሽማግሌው ከአጥራቸው በር ላይ ሆነው «መምህሩስ?» አሉኝ። መርዶውን ስነግራቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ቆይተው ተነሡና ዶማ አመጡልኝ፤ እሳቸው ቦታውን እያሳዩኝ እኔ ቆፈርኩ።

ሊሠራም ላይሠራም ይችላል። ቢሠራም እሱ አይሰማም።

ሥሩን በብሩሹ አጽድቼ ልጬዋለሁ። ቅርፊቱ አሁን በረንዳው ላይ፣ ጥላ ውስጥ ነው። ጠዋትና ማታ አገላብጠዋለሁ።