የታገደው መርዶ

ያሱታሮ በጦርነቱ ጊዜ የ«ፉዩጊሪ» ምግብ አብሳይ ነበር። ፉዩጊሪ እዚሁ እኛ ከተማ፣ ማይዙሩ ወደብ ላይ የተሠራች ዲስትሮየር የሚሏት ፈጣን የጦር መርከብ ናት፤ ስትሠራ የብረቱ ኳኳታ እንቅልፍ ይነሳን ነበር። በጸደይ ባሕር ገባች፤ የሚቀጥለውን ጸደይ ግን አላየችም። በውኃ ውስጥ የሚወነጨፍ ቶርፔዶ መታትና ለሁለት ተሰብራ ሰጠመች። ከባሕሩ የተለቀሙት ጥቂት ናቸው። ያሱታሮ አንዱ ነው፤ ነዳጅ ውጦ ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

የተረፉትን አለቆቻቸው ወደየቤታቸው አልሰደዷቸውም። ወሬው እንዳይወጣ ደሴት ላይ ዘጉባቸው። ሲለቋቸውም አንድ መኮንን፣ «መርከቧ አልሰጠመችም። ገባችሁ?» አላቸው።

ያሱታሮ ለአጭር ፈቃድ ሰፈር ሲመጣ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጎረቤቱ ፉሳኤ ደረሰች። ባሏ ጌንኪቺ የዚያችው መርከብ የቦይለር፣ የእንፋሎት ማፍያው፣ ሠራተኛ ነበር። ከቦይለር ክፍሉ በሕይወት የወጣ የለም።

«ያሱታሮ! የኔው ጉድ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው... ሥራ በዝቶበት ነው።»

«ሥራ? ቤት እያለ አንድ ሚስማር መትቶ አያውቅም እኮ!» ብላ ሳቀች። የደረቀ ስኳር ድንችና በእጇ የሠራችውን የሱፍ የሆድ መቀነት ሰጠችው። «አደራ፣ አድርስልኝ። ጀግና ነኝ ይላል እንጂ ሆዱን ሲበርደው እንደ ሕፃን ነው የሚነጫነጨው።»

ዕቃውን ተቀበላት። ፈቃዱ እስኪያልቅ ሳይነካው ከራስጌው አኖረው። በሚሄድበት ጠዋት ዕቃውን ይዞ ቤቷ ገባና በሩን ዘጋ።

«እትዬ ፉሳኤ፣ ይሄን የማደርስለት ሰው የለም።»

የያዘችውን እርጥብ ልብስ መጭመቋን ቀጠለች፤ ውኃው ተንጠፍጥፎ ካለቀ በኋላ እንኳ አላቆመችም።

«በልቶ ነበር?» አለችው በመጨረሻ።

«በልቷል። የዚያኑ ዕለት የሩዝ ድብልብል ሰጥቼው፣ ‹ጨው ነፈግከኝ፣ አንተ ቆንቋና!› ብሎ ሰድቦኛል።»

«እሱ ነው» አለች። «እሱ ራሱ ነው።»

ከግድግዳው ወዲያ የሰማ ሰው ኖሮ፣ ወታደራዊ ፖሊሶች ያሱታሮን ባቡር ጣቢያ ላይ ያዙት። ፉሳኤንም ጠየቋት።

«ምንም አልነገረኝም። ባሌ ደህና ነው» አለች።

ቢጮኹባትም ቃሏን አልለወጠችም። ያሱታሮን ግን ደብድበው ወደ ሌላ መርከብ ላኩት።

እሷም ከዚያ ወዲያ ማልቀስ አልቻለችም። ያለቀሰች ቀን ያሱታሮ እንደነገራት ይታወቅና ሁለቱም ያልቁ ነበር። የራሽን ሰልፍ ላይ ስለ ባሏ ስንጠይቃት ፈገግ ብላ «ደህና ነው» ትለን ነበር። የመንግሥት መርዶ የመጣው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። እኛ ስናለቅስ እሷ እንባ አልወጣትም፤ ይሄን ሁሉ የነገረችኝም ያን ዕለት ነው።

ያሱታሮም ከሁለተኛዋ መርከብ አልተመለሰም። እንዴት እንደሞተ ለእናቱ የነገራት ሰው አልተገኘም። አሮጊቷ እግሯ እስኪከዳት ድረስ ወደብ እየወረደች፣ ያገኘችውን መርከበኛ ሁሉ እጁን ይዛ ትጠይቅ ነበር።