የድሪቶው ቀይ ጠርዝ

መጀመሪያ የከዳኝ ግራ እግሬ ነው። ቆቦ ገበያ ዳር ካለችው በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ የስፌት መኪናዬ ድንገት ቆመ። የተበላሸ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ሳይ እግሬ ከመርገጫው ወርዶ መሬት ላይ ተጋድሟል። አንስቼ መለስኩት፤ መልሶ ወረደ። ብዙ ከመቀመጥ ደንዝዞ ነው ብዬ በቀኝ እግሬ ብቻ መርገጥ ቀጠልኩ። ልብስ ሰፊ የጀመረውን ስፌት ሳይጨርስ አይነሳም። ያ አመል ሊገድለኝ ነበር።

ልብሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛዬ ፊቴን አየችና «አፍህ ምን ሆኖ ነው የተጣመመው?» አለችኝ። ጎረቤት ነጋዴዎች ተሰበሰቡ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ውዬ ስለነበር ሁሉም በአንድ ቃል «ምች ነው» አሉ። እኛ ዘንድ አፍ ሲጣመምም ምች ነው፣ ራስ ሲያምም ምች ነው። አንዱ ዳማ ከሴ ሊቆርጥልኝ ሄደ። ሌላው ቤት ወስደን እናስተኛው አለ። እኔም ምች ነው ልል ፈልጌ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

ባለቤቴ ዘይነባ ከበረንዳዬ ማዶ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። እናቷን ያጣቻት እንዲሁ ምች ነው ተብሎ ቤት ውስጥ በቅጠል ስትታሽ ነው። ሰዎቹን ገፍታ ገባችና ባጃጅ አስቆመች። «ዳማ ከሴውን የሚያመጣው ሰው ሆስፒታል ይዞት ይምጣ» አለቻቸው።

ከቆቦ ሲቲ ስካን ወዳለበት ከተማ ተላክሁ። ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስትሮክ ነው፤ ኢስኬሚክ የሚባለው ዓይነት። ወደ ቀኙ አንጎልዎ የሚሄድ ደም ሥር ተዘግቷል። የግራ ጎንዎን የሚያዘው እሱ ነው።»

ግራ እጄ አልነሳ አለ። እግሬም አልነሳ አለ። ሽንቴ አመለጠኝ። ዘይነባ ልብሴን ቀየረችልኝ። አላለቀስኩም። እሷም አላለቀሰችም። «አብሽር» አለችኝ።

ወደ ቤት የተመለስኩት አስፒሪን፣ የደም ግፊት መድኃኒትና ምርኩዝ ይዤ ነው። ፊዚዮቴራፒ እየተመላለስኩ እግሬ ቀስ በቀስ መታዘዝ ጀመረ፣ እጄም ጨርቅ ለመያዝ በቃ። ጠያቂው ሁሉ «አላህ አፊያ ያድርግህ» እያለ ይገባና መራመዴን አይቶ ደስ ብሎት ይወጣል። እኔን ግን መራመዱ አልነበረም ያስጨነቀኝ። ተመልሼ እሰፋ ይሆን? ከመርፌ በቀር ሌላ ሙያ የለኝም። የሰው ልብስ የማይታመንበት ልብስ ሰፊ ደግሞ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ለመሞከሪያ የሚሆን ሥራ ነበረኝ። ከመታመሜ በፊት አንድ ድሪቶ ጀምሬ ነበር። ድሪቶ ሲባል ብዙ ሰው የተቦጫጨቀ ልብስ ይመስለዋል፤ እኔ የምለው ከሥራ የተረፈ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የሚሰፋውን ብርድ ልብስ ነው። ሮቢት ከተማ የተዳረችው ልጃችን ፋጡማ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ ወጉ ወደ እኛ መምጣቷ ነበርና ለሕፃኑ ያሰብኩት ነው። የዩኒፎርም ሰማያዊ አለበት፣ የቆላ ሰዎች ሽርጥ አለበት፣ የሙሽራ ቀሚስ ገበርም አለበት። የቀረው ጠርዙ ብቻ ነው። ሦስት ሐሳብ ነበረኝ፦ ምንም ጌጥ የሌለው ነጭ አቡጀዲ፣ ከሽርጥ የተቀደደ ባለ መስመር፣ ወይም እንደ መጋዝ ጥርስ የሚደረደሩ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች። ከሁሉም የሚከብደው ጥርሱ ነው። እሱን ከቻልኩ ሌላውን አያቅተኝም ብዬ ጥርሱን መረጥኩ።

መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ በእጄ ሰፋሁት። ያለቀ ዕለት ፋጡማ ሆዷ ገፍቶ መጥታ ነበር፤ እሷንም ዘይነባንም ጠርቼ አሳየኋቸው። ፋጡማ እናቷን አየች።

«የፋጡማ አባት፣ ግራውስ?» አለች ዘይነባ።

«የምን ግራ? ጨርሻለሁ።»

«እዚህ ጋ ባዶ ነው እኮ።»

ተናደድኩ። ሰው ታሞ ሲነሳ ሁሉም አዋቂ ይሆንበታል አልኩ። ዘይነባ ድሪቶውን በሁለት እጇ ያዘችና አዞረችው።

ባዶ ነበር። አንድ ጎን ሙሉ። የላዩና የታቹ ጥርስም ግራው ሳይደርስ መሃል ላይ ቆሟል። የሰፋሁት እኔ ነኝ። አላየሁትም። ፈራሁ። ከስትሮኩ ቀን ይልቅ የፈራሁት ያን ቀን ነው።

«ኔግሌክት ይባላል» አለችኝ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ሲስተር። «ዓይንዎ ደኅና ነው፤ ግራውን የሚዘነጋው አንጎልዎ ነው። መዘንጋቱንም ራስዎ አያውቁትም። በግራ ዳር ደማቅ ነገር ያድርጉ። ዓይንዎ እሱን ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምሩ።»

ያኔ ብዙ ነገር ገባኝ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ምግብ አነሰኝ እያልኩ ስነጫነጭ የከረምኩት ለካ የሳህኑን ግራ ሳልነካው ነው። ዘይነባ ሳህኑን ስታዞርልኝ እንደ አዲስ ምግብ ይመጣልኛል፤ የጨመረችልኝ ይመስለኝ ነበር። «እኔማ ቆጣቢ ሴት ያገባህ ይምሰልህ ብዬ ዝም አልኩ» እያለች እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ጥርሱን ፈትቼ ጠርዙን እንደገና መምረጥ ነበረብኝ። ለግራው ዳር ካለኝ ቁርጥራጭ ሁሉ የሚደምቀውን ቀይ ጨርቅ አወጣሁ። ዘይነባ አልወደደችውም። «አንድ ጎኑ ብቻ የቀላ ድሪቶ ማን ሲሰፋ ታየ? ቀይ ከሆነ አራቱም ቀይ ይሁን እንጂ» አለች። ለዓይን ልክ ናት። ነገር ግን አራቱም ቀይ ከሆኑ እኔ ቀኙን አይቼ ቀዩን አገኘሁት ብዬ እቀመጣለሁ፤ ሌላ ቦታ የሌለ ቀይ ብቻ ነው አንገቴን የሚያዞረው። ስለዚህ ሦስቱን ጎን በሽርጡ መስመር ከበብኩና ግራውን ለብቻው ቀይ አደረግኩት። ድሪቶውን አዙሬ በቀኜ በኩል ብሰፋው ይቀለኝ ነበር፤ ሲስተሯ ግን «እንዳያታልሉ» ብላኛለች። በግራዬ እንዳለ፣ አንገቴን እየመለስኩ፣ የጨርቁን ጫፍ የያዘችውን የገዛ እጄን እየፈለግኩ ሰፋሁት። መርፌው ግራ ጣቴን ሲወጋኝ አላውቅም። «ቀይ የመረጥከው ደምህን ልትደብቅበት ነው» አለችኝ ዘይነባ፣ ጣቴን በጨርቅ እየጠቀለለች።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በረንዳዬ ላይ ነኝ። በመኪናዬ ግራ ጎን ቀይ ጨርቅ ለጥፌአለሁ። እንደ ድሮው አልፈጥንም፤ ግራ እጅጌ ሲሆን ደግሜ እለካለሁ፣ መንገድ ስሻገርም ባጃጁ በየት እንደሚመጣ ስለማላምን አንገቴን ሁለቴ አዞራለሁ። ይህን የምታነቡ የስትሮክ ታማሚዎችና አስታማሚዎች፣ አፍ ከተጣመመ ወይም እጅ ከወደቀ ቅጠል አትፈልጉ፣ ሐኪም ቤት ሩጡ። ግፊት አለብህ ከተባልክ ራሴን ካላመመኝ መድኃኒቱን ምን አስዋጠኝ አትበል፤ እኔ ብዬ ነበር። አስታማሚ ደግሞ በሽተኛው ጨረስኩ ሲላት አትከራከረው፣ ዝም ብላ ታዙርለት። ለሐኪሞቹ፣ ለሲስተሯና ለዘይነባ ያለብኝን ምስጋና ጽፌ አልጨርሰውም።

አንድ ሰው ቀረኝ። ፋጡማ ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ሳለች ልጅቷን እኔ ዘንድ ስታስተኛት ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ነበር፤ ግራዬን እንደምዘነጋ ታውቃለች። አንድ ጠዋት ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል ድሪቶውን በግራዬ ዘረጋችና ልጅቷን ቀዩ ጠርዝ ጋ አስተኝታት ወጣች። እንደ ልማዴ ቀዩን ፈለግኩ። አገኘሁት። ቀዩ ላይ ትንሽ እግር ነበረች፤ ያዝኳት። ቀና ስል ፋጡማ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ልጅቷን እዚያው ትታልኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።