ካርታው ላይ ያለችው ልጅ

ባለቤቴን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ኬብል በሚል ስም ነው። ሥራው ቤት መቀባት ነው። ቱታው ላይ ያልነካው የቀለም ዓይነት የለም፤ ከኪሱ ግን ሁልጊዜ አንድ የቻርጀር ገመድ ይንጠለጠላል። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። እኔም ሲብስብኝ በዚሁ እጠራዋለሁ።

እኔ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ ውዬ ወገቤን ይዤ ስገባ በር ላይ ይጠብቀኛል። «ነይማ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።» ትምህርቴን የተውኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ የቀረብኝን በስልክ ሊያሟላልኝ የቆረጠ ይመስላል። ዝናብ የሚናገር አፕ አለው፤ የውጪ ግድግዳ የሚቀባው እሱን አማክሮ ነው። ግድግዳ ፎቶ ሲያነሱለት በሌላ ቀለም ቀብቶ የሚያሳይ አለው። ስልኩን እንጨት ላይ አስተኝቶ ውሃ ልክ ያደርገዋል። ኢንተርኔት ላይ ጥገና የሚያስተምር አንድ ሰውዬም አለ። ቋንቋውን አንሰማም፣ ፊቱም አይታይም፤ እጁን ብቻ ነው የምናየው። ባሌ «መምህሬ» ነው የሚለው።

አሻራ ብቻ አልሆነለትም። ቲነር የጣቱን ቆዳ ስለበላው ስልኩ አያውቀውም። አውራ ጣቱን ደጋግሞ ይጫናል፤ እምቢ። «ጉድ እኮ ነው፣ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ» ይላል።

ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ግን ካርታውን ነበር። ልጃችን ሥራ አግኝታ ሩቅ ከተማ ስትሄድ የራሱን ስልክ ሰጣትና ለራሱ አሮጌ ገዛ። ከመስጠቱ በፊት ሦስታችንም የት እንዳለን የሚያሳይ አፕ ጫነበት። ካርታው ላይ የየራሳችን ፎቶ በትንሽ ክብ ውስጥ ይታያል፤ የእኔና የእሱ ተደራርቦ፣ የእሷ ከተራራው ማዶ ብቻዋን። «ሥራ ገባች» ይለኛል። «አሁን ወጣች።» መጀመሪያ ላይ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ተዋት» እለው ነበር። እያደር እኔው ሆንኩ ጠያቂዋ። ራት ሳቀርብ «ገባች?» እላለሁ። «ገብታለች።» ከዚያ እንበላለን።

ብዙ አትደውልም። ሥራዋ የደንበኛ ስልክ ማንሳት ነው። «እማዬ፣ የሰው ስድብ ስሰማ ውዬ ጆሮዬ ደክሞታል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ እኔስ ቤት ገብቼ ካውያ እነካለሁ? መቼ ትመጫለሽ ስላት «በሚቀጥለው ወር» ነው መልሷ። የሚቀጥለው ወር ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀጥለው ወር ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለሁ ባሌ ደወለልኝ።

«ተቀመጪ» አለኝ።

«ካውያ ይዤ የት ልቀመጥ? ምን ሆነ?»

«መንገድ ላይ ናት! ወንዙን ተሻግራለች!»

«ማን?»

«ማን ትሁን? ልጅሽ ናታ!»

ካውያውን አንሶላው ላይ ረስቼው፣ ሽታው ነው ያነቃኝ። «ደውልላት» አልኩት።

«አብደሻል? ልታስደንቀን ፈልጋ እኮ ነው። አፍሽን ያዥ።»

አለቃዬን ለምኜ ወጣሁ። ቤት ስደርስ አልጋዋ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ እሱ መሰላል ላይ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ «ክፍሌን ፈዛዛ አረንጓዴ ቀባልኝ» ትለው ነበር። የሰው ቤት ሲቀባ ኖሮ የእሷን «እሁድ፣ እሁድ» እያለ አሳደጋት። አሁን ስልኩን መስኮቱ ላይ አቁሞ በአንድ ዓይኑ ክቧን፣ በሌላው ግድግዳውን እያየ ይቀባል። «ከመድረሷ በፊት ይደርቃል። አፑ አየሩ ደረቅ ነው ብሏል» አለኝ። እኔም አንሶላዋን ተኮስኩላት። በገዛ ቤቴ አንሶላ ከተኮስኩ ስንት ዘመኔ!

መናኸሪያ ስንጠብቅ ክቧ ቀርባ ቀርባ ከእኛ ላይ ተደረበች። አውቶቡሱ ቆመ። ሰው ወረደ፣ ሻንጣ ወረደ። በመጨረሻ ረዳቱ ባዶ ጆንያ ይዞ ወረደ።

«ሌላ ሰው የለም?» አልኩት።

«አልቋል፣ እናቴ።»

ባሌ ስልኩን አየ፤ አውቶቡሱን አየ። «እዚህ ናት ይላል እኮ!» ከዚያ የጠፋ ስልክ የሚያስጮኸውን ነገር ተጫነ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር የሆነ ነገር እሪ አለ።

«ኧረ ይሄ አልቃሻ ዕቃ!» አለ ሾፌሩ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር እያወጣ። «ኬብል የሚባል ሰው ታውቃላችሁ? ስትደርስ ደውልለት ብላ አንዲት ልጅ የላከችው ነው። አንተ ነህ? ሳልደውል እንዴት አወቅክ?»

ባሌ ፌስታሉን ፈታው። የሰጣት ስልክ ነው፤ ስክሪኑ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል።

ማምሻውን ከጓደኛዋ ስልክ ደወለች። እኔም እንድሰማ ስፒከሩን ከፈተው።

«አባዬ፣ ደረሰልህ? ከአንተ ሌላ ማንም እንዲነካው ስላልፈለግኩ ነው።»

በዚህ ቃል ትንሽ ቀና አለ። «ታዲያስ! መች አጣሁት!»

«ደሞ እግረ መንገድህን... ያንን ካርታ አጥፋልኝ። እንዳትቀየመኝ። ባለፈው ከሥራ በኋላ ጓደኛዬ ጋ ብሄድ ‹እዚያ ሰፈር ምን ትሠሪያለሽ› አልከኝ። አድጌያለሁ እኮ፣ አባዬ።»

«እሺ» አላት። ስለ ክፍሉ ምንም አልነገራትም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ስክሪኑን መምህሩን እያየ በማግስቱ ቀየረው። ግን አልላከውም። «ሙጫው ይድረቅ» አለ። በሌላው ቀንም ሙጫው ይድረቅ። የክፍሉ ቀለም ደርቆ ሽታው እንኳን ጠፋ፤ ያ ሙጫ ብቻ አልደርቅ አለ። ምን እንደሚያስብ ገብቶኛል፤ መጥቼ ልውሰደው ትላለች ብሎ ነው። እኔም አስቤው ነበር። እሷ ግን ስልክ ተውሳ «አባዬ፣ ምነው ቆየ?» ነው ያለችው።

«ኬብል» አልኩት በመጨረሻ። «ላክላት። ያለችህንም አጥፋ።»

የእሷን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። «አንቺ አጥፊው። የእኔን ጣት አያውቀውም።»

ስልኩ ክፍት ነበር፤ አሻራ የጠየቀው የለም። ግን ዓይኑን ሳየው ክርክር አላማረኝም። የሚነካውን ቦታ አሳየኝ፤ ነካሁት።

በዚያው ሾፌር እጅ ተመለሰላት። ክቧ ካርታው ላይ ትጠፋለች ብዬ ነበር፤ አልጠፋችም። አፑ ሲዘጋ መጨረሻ የታየችበትን ቦታ ይዞ ይቀራል አለኝ። የዘጋነው ደግሞ እዚሁ ቤታችን ነው። ፎቶዋ ደብዘዝ ብሎ ጣራችን ላይ፣ ከሁለታችን ጎን ተቀምጧል።

አሁንም ራት ሳቀርብ ምላሴ አያርፍም። «ገባች?» እላለሁ።

ስልኩን ያወጣል፤ ያያል።

«ቤት ናት» ይለኛል። ከዚያ እንበላለን።